እግረ ደረቁ ቡድን መሪ

ኳስ ሜዳ ተቀምጣችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ለጊዜው ተዉትና ጨዋታው ሲያልቅ ትቀጥላላችሁ። የእኔን ታሪክ ማንበብም ውጤት ያበላሽ እንደሆነ እስካሁን አልተጣራም። እኔ በበኩሌ አላምንበትም፤ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለጥንቃቄ ያህል ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በሱሪ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለቱም የሥራ ሱሪዎቼ ገመድ ላይ ውሃ ያንጠባጥባሉ። ባለቤቴ ማርታ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጥባ፣ "አርባ ምንጭ ነው እኮ፣ በአንድ ሰዓት ይደርቃል" ብላ ስታሰጣቸው ሰማዩ የሰማት ይመስል ዝናቡን ለቀቀው። የቀረኝ ወንድሜ ከደሴ የላከልኝ ሰማያዊ ቱታ ብቻ ነበር። እሱን ለብሼ ትምህርት ቤት ስደርስ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው አርፋጅ ይመዘግባሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ፊታቸው በራ።

"መምህር! ስፖርተኛ ነዎት ለካ!"

"አይ፣ ሱሪዬ…" ብዬ ስጀምር እሳቸው ወደሚቀጥለው አርፋጅ አልፈዋል። ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። የትምህርት ቤቱ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን መሪ ሆኛለሁ። እኛ ዘንድ ሰው የሚመደበው በለበሰው ልብስ ነው። አንድ ቀን ቦቲ ጫማ አድርጎ የመጣው የታሪክ መምህር የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። ክራቫት ያሰረው የሂሳብ መምህር ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ለአቀባበል ከክፍል ይጠራል፤ ተማሪዎቹ ከአልጀብራ ምዕራፍ ሁለት ሳይወጡ ዓመቱ ሊያልቅ ነው።

ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኗን ነው። "ከጨዋታ ውጪ" የሚሉትን ነገር ዛሬም ሥዕል ተስሎ ካልሆነ አይገባኝም፤ ሥዕሉንም የሚስልልኝ ሰው ይበሳጫል። ደብዳቤውን መልሼ መስጠት እችል ነበር። ያልመለስኩት በአንድ ምክንያት ነው። የቡድኑ ግብ ጠባቂ ልጄ ቤዛ ናት።

ቤዛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስትጫወት አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። አንዴ ፈተና ሳርም፣ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ስንፍና ነው። "በሚቀጥለው አያለሁ" ስል ሦስት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው። ከርሞ የትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ የትኛው ከተማ እንደምትሄድ እግዜር ነው የሚያውቀው። ልጄን አንድ ቀን በጓንት፣ በግቡ መሐል ቆማ ለማየት ፈለግሁ። ሌላ ምንም ዓይነት ምኞት አልነበረኝም። በኋላ ልትፈርዱብኝ ስትነሱ ይህቺን እንዳትረሱብኝ።

ሥራው ደግሞ ቀላል ነበር። የሚያሠለጥናቸው የስፖርቱ መምህር ማቴዎስ ነው፤ የጫኖ ልጅ፣ በእምነቱ ጠንካራ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ዘማሪ ነው። የእኔ ድርሻ ሦስት ነገር ብቻ ነው። ውሃ ማቅረብ፣ ሙዝ ማከፋፈል፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት፣ በዋዜማውም ቢሆን፣ የተጫዋቾቹ ስም ዝርዝር ላይ መፈረም። ቡድን መሪው ያልፈረመበት ቡድን ሜዳ አይገባም። ሙዙን የሚያመጡልን ከላንቴ ጋሽ አንጁሎ ናቸው፤ የአጥቂያችን የደስታ አያት። በየጨዋታው አንድ ትልቅ ዘለላ በባጃጅ ጭነው ይመጡና እስከ መጨረሻው ፊሽካ ከሜዳው ዳር አይነሱም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ቱታዬን ለብሼ ከፊት ረድፍ፣ ከቤዛ ግብ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው እጁ አርፎ አይቀመጥም። ኳሷ ስትመጣ አቅጣጫዋን አሰላሁና ተነሥቼ እጄን ወደ ግራ ወረወርኩ። "በግራ! በአርባ አምስት ዲግሪ!" ቤዛ ወደ ግራ ዘለለች። ኳሷ በቀኝ ገባች። በሁለተኛው ስህተቴን አርሜ "በቀኝ!" አልኩ፤ ኳሷም ስህተቷን አርማ በግራ ገባች። ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ነፋስና ስለ ኳስ ሽክርክሪት አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። የገባት መስሎኝ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ጨዋታ ቀን የሞዴል ፈተና እንድቆጣጠር ተመደብኩና ቀረሁ። ፈተናው ሳያልቅ በመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ውጤቱ ገባ። አራት ለዜሮ አሸነፍን። በሦስተኛው አርፍጄ ደረስኩ። አንድ ለዜሮ እየመራን ነበር። ተቀምጬ ወገቤን ሳላቃና ገባብን። የውሃ ካርቶን ላወርድ ወደ ባጃጁ ስሄድ ከኋላዬ ሜዳው በጩኸት ተናጋ፤ አገባን። ካርቶኑን ተሸክሜ ስመለስ ገባብን። ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ ተነሥቶ "ቲቸር፣ ውሃ አለቀብን!" ብሎ ጮኸ። ሁለት ካርቶን ውሃ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ቢሆንም ሄድኩ፤ አገባን። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ውሃ ሳመላልስ ነበር ብል አታምኑኝም። ሦስት ለሁለት አሸነፍን፤ ለመታጠቢያ የሚበቃ ውሃም ተረፈን።

በማግሥቱ ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። "እግረ ደረቅ" የምትለዋ ቃል ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ስትሻገር ጆሮዬ ትይዛታለች። በአራተኛው ጨዋታ ዋዜማ ማቴዎስ ቤተ ሙከራ ድረስ መጣና በሩን ዘጋ።

"መምህር፣ እኛ አማኞች ነን" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ገድ፣ እግረ ደረቅ የሚባል ነገር እኛ ጋር የለም። ሁሉን የሚያደርገው ጌታ ነው።"

"ደስ ይላል፤ እኔም አላምንበትም።"

"ተመስገን።" ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና፣ "ነገ ግን ባይመጡስ?" አለኝ።

አልሄድኩም፤ ለእሱ ብዬ። አምስት ለአንድ አሸነፉ። ትምህርት ቤታችን ከተመሠረተ ጀምሮ በሴቶች እግር ኳስ ግማሽ ፍጻሜ ገብቶ አያውቅም። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ለድሉ ምክንያት የሆነው የአስተዳደሩ ቁርጠኝነት መሆኑን ተናገሩ። ተማሪው ግን ለድሉ ምክንያት የሆነው የእኔ መቅረት መሆኑን ያውቃል። ሲያጨበጭብ የሚያየው ወደ እኔ ነበር።

ነገሩን በሳይንስ ልቋጨው ወሰንኩ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስጄ ሳንቲም እየወረወርኩ፣ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ስለሆኑ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እንደማይባል አስረዳሁ። ሰሌዳው ሞላ፣ ላቤ ወረደ። በመጨረሻ አጥቂያችን ደስታ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ገብቶናል። የእርስዎ መምጣትና የእኛ መሸነፍ አይገናኝም።"

"ጎበዝ!" አልኩ፤ አንጀቴ ራሰ።

"የማይገናኝ ከሆነ እንግዲህ ቢቀሩ ምንም የሚጎድል ነገር የለም ማለት ነው።"

ክፍሉ በጭብጨባ ተቀወጠ። በሃያ ዓመት ውስጥ ያስተማርኩትን እንዲህ አድርጎ የተረዳ ተማሪ አላጋጠመኝም፤ ያዘንኩትም ለዚህ ነው።

በግማሽ ፍጻሜው ቀን ማንንም ሳልጠይቅ ልሄድ ቆረጥኩ። ቱታው ያጋልጠኛል ብዬ ሱሪ ለበስኩ። ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ አስቆምኩና "ሜዳ" አልኩት። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ደግሞ አየኝ። "እሺ አባቴ" አለና ነዳው። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ የሜዳው እንዳልሆነ ገባኝ። "በዚህ በኩል ነው እንዴ?" ስለው "ያኛው ተዘግቷል" ይለኛል። "ምን ዘጋው?" ስለው "ሥራ አለ" ይለኛል። ቤቱ እያነሰ ዛፉ እየበዛ ሄደ። ቀና ስል የአዞ እርባታው አካባቢ ደርሰናል።

"ነዳጅ አለቀ" አለና አወረደኝ። ሂሳብም አልቀበልም አለ። ዞር ስል ነዳጅ ያለቀበት ባጃጅ አቧራውን እያጨሰ ወደ ከተማ ይከንፋል። የግራ ተመላላሻችን ወንድም መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ምን ላድርግ? እስከዚያ መጥቼ ዝም ብዬ ከምመለስ ብዬ ገብቼ አዞዎቹን አየሁ። አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። አንዱ ዓይኑን ገልጦ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በዚያ ሳምንት እኔን ሲያይ ያልሸሸ፣ ያልተንሾካሾከ፣ "ቀኑ እንዴት ይሆን" ብሎ ያልሰጋ ፍጡር እሱ ብቻ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ሁለት ለዜሮ፤ ፍጻሜ ገባን።

ያን ዕለት ቤት ስገባ ቤዛ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ያዘጋጀሁላት ወረቀት አለ። የዩኒቨርሲቲ የትምህርት መስክ መምረጫው ቅጽ ገና አልመጣም፤ እኔ ግን እንዳትቸኩል ብዬ በደብተር ወረቀት ላይ ቀድሜ ሞልቼላታለሁ። አንደኛ ኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ሁለተኛ ሜካኒካል ምህንድስና፣ ሦስተኛ ሲቪል ምህንድስና። ነፃነት ለመስጠት አራተኛውን ባዶ ትቼላት ነበር።

"አባዬ፣" አለች ወረቀቱን እያጠፈች እየዘረጋች፣ "ፍጻሜው ላይ ባትመጣስ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁሉም ያመመኝ ይሄ ነው። ሻይ ቤቱ ቢያማኝ፣ ባጃጁ ለአዞ ቢሰጠኝ ችዬዋለሁ። ልጄ ግን ልጄ ናት።

"አንቺም እግረ ደረቅ ነው ትያለሽ?"

"አልልም። ግን…" ብላ ቀረች። እናቷን አየች። ማርታ ያልተለኮሰውን ምድጃ ልታጠፋ ተነሣች። እኔም ልጄ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር እስክትጨርስ መጠበቅ ሲገባኝ ተናድጄ ወጣሁ። ብጠብቅ ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

በማግሥቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል መሐል ቆሜ ፎከርኩ። "ዝርዝሩ ላይ የምፈርመው ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ ነው! እኔ ካልገባሁ ፊርማዬም አይገባም!" ማቴዎስ ለመነኝ። ርዕሰ መምህሩ በሥርዓት አነጋገሩኝ። እኔ እቴ! "ከፈለጋችሁ አዞውን አስፈርሙት!" ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ፍጻሜው ቅዳሜ። ሐሙስ ሙሉ ቀን ስልኬን አላነሣሁም። ልጆቹ ከክፍል ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው በአጠገቤ ያልፋሉ። ደስታ የዐሥር ቁጥር ማሊያዋን በፌስታል ይዛ ስትዞር አየኋት። ልራራላት ስል ንዴቴን ከሥሩ እየቆሰቆስኩ አቀጣጠልኩት፤ በዚህ በኩል ጎበዝ ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አራት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከፊት ጋሽ አንጁሎ ናቸው። በሠርግና በበዓል የሚለብሱትን ባለ ቀይና ቢጫ ዱንጉዛቸውን ደርበዋል። በሁለት እጃቸው ገና ከመስኖው ዳር የታጨደ፣ ውሃው ያልደረቀ እርጥብ ሳር ይዘዋል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ግን ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከፊትህ ከተንበረከከ ንዴትህ አንተ ጋ የሚቆይበት መንገድ የለም። ሰው ለሰው ጦር ተማዝዞ ሳር ሲያይ ጦሩን ያስቀምጣል። ጋሽ አንጁሎ ያን ሳር ይዘው ጉልበታቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ ዘልዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ኧረ ጋሽ አንጁሎ! በሞቴ! ለኳስ እኮ ነው!"

"ለኳስ አይደለም" አሉ፣ እንደያዝኳቸው ግማሽ ተንበርክከው። "ለልጆች ነው። አንተ ተቆጥተሃል። ቁጣህ እውነት ነው። እኛም አጥፍተናል። ባጃጁም አጥፍቷል። አሁን ይበቃል፣ ይፈረም።"

"እሺ፣ እፈርማለሁ። እርስዎ ብቻ ይነሡ።"

አልተነሡም። "ሜዳውም ባትመጣ ጥሩ ነው" አሉ።

"ጋሽ አንጁሎ፣ ሳሩ ለፊርማው ነው ወይስ ለመቅረቱ?"

እጃቸውን ከፍ አድርገው ሳሩን አሳዩኝ። "መምህር፣ ብዙ ሳር ነው የያዝኩት እኮ።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ መሆኑ ገብቶኛል። ፈረምኩ፤ ለመቅረትም ቃል ገባሁ። መርቀውኝ፣ ለማርታ አንድ ዘለላ ሙዝ ሰጥተው ሄዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ ቴሌግራሙን አፈጣለሁ። የገጠሙን ከጨንቻ በኩል የመጡ ልጆች ናቸው፤ ዳገት ላይ ያደጉ፣ ሲሮጡ ትንፋሽ የሚባል ነገር የማያውቁ። መልእክት ገባ። አንድ ለዜሮ እየተመራን ነው። አዘንኩ። ሌላ መልእክት ገባ። ሁለት ለዜሮ። አሁን የምነግራችሁን ለማንም እንዳትነግሩብኝ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሥቼ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ።

ማርታ በሩጫ ወጣች። "አገባን?"

"ገባብን! ሁለት! እኔ ደግሞ የለሁም! ነፃ ነኝ!"

ማርታ አየችኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። "የገባው እኮ በማን ላይ ነው፣ የቤዛ አባት?" አለችኝ። እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሁለቱም ኳሶች ያለፉት በልጄ በኩል ነው። ያኔ ያፈርኩትን ያህል ቱታ ለብሼ ደብዳቤ የተሰጠኝ ቀን እንኳ አላፈርኩም።

እንደዚያ ቆሜ ሳለሁ ባጃጅ እየጮኸ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ያ ነዳጅ የሚያልቅበት ባጃጅ ነው። ከኋላው ጋሽ አንጁሎ ወረዱ። በእጃቸው የትናንቱ ሳር ነው፤ ጠውልጎ፣ ጫፉ ቢጫ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቷል።

"መምህር፣ ተነሥ እንሂድ።"

"ትናንት አትምጣ ብላችሁኝ?"

"ትናንት ያልነው እኛ ነን። ዛሬ ያለችው ልጅህ ናት። ለዕረፍት ሲወጡ 'አባቴን አምጡልኝ' አለች፤ አለቀሰች።" ወደ ሳራቸው አዩና ትንሽ አፈሩ። "አዲስ ለማጨድ ጊዜ የለም። በዚሁ እሺ በል።"

ምን እሺ ይባላል? ባጃጁ ውስጥ የገባሁት በነጠላ ጫማ ነው። ያን ቀን የተዘጋው መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ ከዘጋው ሰው ጋር በአምስት ደቂቃ ደረስን።

ሜዳው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተልኝ። ስቀመጥ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተለቀቀልኝ። ማቴዎስ መጥቶ በጆሮዬ፣ "ጌታ ይባርክዎ። ይቀመጡ፤ ግን ብዙ አይዩ" አለኝ። ጨዋታው ተጀመረ። እኔ የነጠላ ጫማዬን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሜዳው ሲናጋ ደስታ አንድ ማግባቷን ሰማሁ። ከኋላዬ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ ሥራዬን ይመሩልኝ ጀመር። "ቲቸር አይዩ! አይዩ! …አሁን ትንሽ ይዩ፣ ኳሷ ሩቅ ናት! …ይድፉ!" ደፋሁ፤ አቻ ሆንን። እንዲህ ባለ ሁኔታ መደበኛው ሰዓት አልቆ ወደ መለያ ምት ሄድን። እስከዚያ ድረስ ያየሁት የልጄን ተረከዝ ብቻ ነው።

የመለያ ምቱ የሚመታው እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ባለው ግብ ሆነ። ቤዛ ልትገባ ስትል አየችኝ። እኔም ቀና አልኩ። በዚህ ዓለም ላይ የሚያቆመኝ አልነበረም፤ ልጄ ከፊቴ በዐሥር ሜትር ላይ፣ ጓንቷን አጥልቃ ቆማለች። እንዴት ትልቅ ሆናለች!

የመጀመሪያዋ መቺ መጣች። እያየሁ፣ እጄን ወደ ግራ አሳየኋት። ቤዛ በግራ፣ ኳሷ በቀኝ። ሁለተኛዋን እያየሁ፣ በቀኝ አልኩ። ገባ። ከኋላዬ ያለው ማጉረምረም ጀርባዬን አቃጠለው። በሦስተኛው ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አቃጠለኝና ሁለቱንም ዓይኖቼን በሁለት እጄ ማሸት ጀመርኩ። ሜዳው ፈነዳ። አድናለች! በአራተኛው ዓይኔ ዳነ፤ አየሁ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ገባ። የእኛ ልጆች አምስቱንም መትተው አራቱን አግብተዋል። እነሱ ሦስት አላቸው፤ አንድ ምት ቀርቷቸዋል። ቤዛ ካዳነች ዋንጫው የእኛ ነው።

አሁን ፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን አስቡት። አራት ሙከራ ተደርጓል። ዓይኔ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሦስቴ ገብቷል። አንዴ ተጨፍኖ አንዴ ድኗል። ሳንቲም ወርውሬ ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እንደማይገናኝ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት በስንፍና ያመለጠኝ፣ ዳግመኛም የማላየው የልጄ የመጨረሻ ዝላይ ደግሞ ከፊቴ ነው። መቺዋ ኳሷን አስቀመጠች። ወደ ኋላ ተራመደች። ቤዛ እጇን ዘረጋች።

ጨፈንኩ። ለእርግጠኝነት ደግሞ እጆቼ ዓይኔን እንዳይከፍቱብኝ ሁለቱንም ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው።

ፊሽካ ሰማሁ። ምት ሰማሁ። ከዚያ ኳስ ጓንት ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የሕዝቡን እልልታ ብቻ ነው። ባጃጅ ነጂው አቅፎ አንሥቶኛል። ማቴዎስ ተንበርክኮ ጌታን እያመሰገነ፣ በመሐል በመሐሉ ጉልበቴን ይመታል። ርዕሰ መምህሩ ስለ አስተዳደሩ ቁርጠኝነት ለመናገር ማይክ ይፈልጋሉ።

ቤዛ በላብና በአቧራ ተለውሳ መጣች። ጋሽ አንጁሎ ከኋላዋ ቀስ ብለው ይከተላሉ። ጓንቷን አውልቃ በእጄ ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ አየኸኝ?"

"አየሁሽ እንጂ! በቀኝ በኩል እንዴት አድርገሽ…"

"በግራ ነው የዘለልኩት።" ሳቀች። "ጨፍነህ ነበር። ከመመታቱ በፊት አይቼሃለሁ።"

ከሕዝቡ ፊት ባለቅስ ደስ ባለኝ። "ዓይኔ እግረ ደረቅ መስሎኝ ነው፣ ልጄ" አልኳት።

"ዓይንህ እኮ አይደለም አባዬ፤ እጅህ ነው። ስታሳየኝ አንተን እሰማና ኳሷን እተዋለሁ። ያን ቀን ይህንን ልነግርህ ነበር፤ ተቆጥተህ ወጣህ። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻዬ ሆኖ ቦታህን ባዶ ሳየው አላስችል አለኝ። እንድትመጣ ነው የምፈልገው። እንድታሳየኝ አይደለም።"

እጄን አየሁት። በሦስተኛው ዓይኔን ሲያሽ ነበር፤ በአምስተኛው ጭኔ ሥር ነበር። በቤተ ሙከራ ሁለት ነገር አንድ ላይ ለውጦ ሙከራ የሠራ ተማሪን ስንቴ ዜሮ ሰጥቼ ይሆን! ሁሉም ልክ አገኙ፤ አንድ እኔ ብቻ ወደቅሁ።

ቤዛ ከካልሲዋ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። አወቅሁት፤ ሦስቱ ምህንድስናዎች ናቸው። በእርሳስ የጻፍኩት ተሰርዞ በእስክርቢቶ ሌላ ነገር ተጽፎበታል። እጄ ውስጥ፣ ጓንቱ ላይ ደረበችው።

"ቅጹ መጥቶ ስሞላም እንደዛሬው እጅህን ከጭንህ ሥር አድርግልኝ።"

አፌን ከፈትኩ። የማስረዳው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ስለ ሥራ ገበያው፣ ስለ ወደፊቱ፣ ስለ አርባ አምስት ዲግሪ። ከትከሻዋ በላይ ጋሽ አንጁሎን አየኋቸው። ያን የደረቀ፣ ቢጫ ሳር ብቻ ከፍ አደረጉት።

አፌን ዘጋሁ።